የግቢ ወርክሾፕ ይዘጋ ከማለት በፊት

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

በቅርቡ በዚሁ የአንባቢያን አምድ ላይ፣ በመኖሪያ ግቢዎች ውስጥ የሚካሄደው የብየዳ፣ የባትላሜራ (የተጎዳ የመኪና አካልን ቀጥቅጦ የማቃናት)፣ እንዲሁም የመኪና እድሳት ሥራ ሙሉ በሙሉ እንዲከለከል የሚጠይቅ ደብዳቤ ወጥቶ አንብቤአለሁ። ጸሐፊው የዘረዘሯቸው ችግሮች፣ ማለትም የግራይንደሩ ጩኸት፣ ብየዳ በተጀመረ ቁጥር የሚደበዝዘው የጎረቤት መብራት፣ አጥር ተሻግሮ የሚመጣው የቀለም ሽታና የእሳት አደጋ ስጋት፣ ሁሉም እውነት ናቸው፤ አንዱንም ለማስተባበል ብዬ ብዕር አላነሣሁም። ነገር ግን ከእነዚህ እውነቶች ተነሥተው የደረሱበት መደምደሚያ፣ ግቢ ለመኖሪያ ብቻ ይዋል፣ ይህን ሥራ የሚሠራ ሁሉ ወደ ጋራዥ ይሂድ የሚለው፣ ሥራውን ከውስጡ የሚያውቅ ሰው በቀላሉ የሚቀበለው አይደለም። የግቢ ወርክሾፕ ሲዘጋ ከጩኸቱ ጋር አብሮ የሚጠፋ ነገር አለ፤ እርሱም ያረጀን መኪና አካል እንደሚገባ ለመጠገን የሚጠይቀው ዕውቀትና ጊዜ ነው። ስለዚህ ጥብቅ ሥርዓት ይበጅለት እላለሁ እንጂ ይዘጋ አልልም።

እኔ በቴክኒክ ትምህርት ቤት የብረታ ብረት ሥራ ሳስተምር ኖሬ በጡረታ የተገለልሁ ሰው ነኝ። ከዚያ ወዲህ በግቢዬ ጥግ ባለች የቆርቆሮ መጠለያ ውስጥ ከእህቴ ልጅና ከሁለት የሰፈር ወጣቶች ጋር ያረጁ መኪናዎችን፣ በተለይም ቮልስዋገኖችን፣ አድሳለሁ። የምናገረው ጥቅሜን ለማስጠበቅ እንደሆነ የሚያስብ አንባቢ ቢኖር፣ ጥቅሜ ይኸው መሆኑን አስቀድሜ ገልጫለሁ።

ቮልስዋገንን ያነሣሁት ያለ ምክንያት አይደለም። ጥንዚዛ መሳይዋ ቮልስ ለከተማችን እንግዳ አይደለችም፤ በንጉሡ ዘመን መምህሩም፣ የመንግሥት ሠራተኛውም፣ ነጋዴውም ገዝቶ የነዳት መኪና ናት፤ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ከሥልጣን ወርደው ከቤተ መንግሥታቸው ሲወጡ የተሳፈሩትም በቮልስዋገን ነበር። የመጨረሻዋ ቮልስ በሜክሲኮ ከሚገኘው የፑዌብላ ፋብሪካ የወጣችው በሐምሌ 1995 ዓ.ም. ሲሆን እስከዚያ ቀን ድረስ ከ21 ሚሊዮን በላይ ተሠርተዋል። ፋብሪካው እርሷን መሥራት ካቆመ ይህን ያህል ዓመት ቢያልፍም በአዲስ አበባ ጎዳናዎች ላይ ዛሬም ትታያለች። ለዚህ አንዱ ምክንያት የአየር ንብረታችን ነው፤ በአውሮፓና በሰሜን አሜሪካ በክረምት በረዶ ለማቅለጥ መንገድ ላይ ጨው ስለሚበተን የመኪና ሆድ ቶሎ በዝገት ይበላል፤ እኛ ዘንድ ግን መንገድ ላይ ጨው የሚበትን የለም። ሁለተኛው ምክንያት የአሠራሯ ቅንነት ነው። ሞተሯ በአየር የሚቀዘቅዝ ስለሆነ ራዲያተርም ሆነ የውሃ ቱቦ የለውም፤ ከካምቢዮው (ከማርሽ ሣጥኑ) ጋር የሚያያዘው በ4 ብሎን በመሆኑ ሁለት ሰው በክሪክ ደግፎ ሊያወርደው ይችላል። አራቱም ፓራፋንጎዎች (የጎማ ሽፋኖች) የሚያያዙት በብሎን ነው። የላይኛው አካሏም ቢሆን ከወለሉ ጋር የተያያዘው ዙሪያውን በተደረደሩ ብሎኖች ስለሆነ፣ ብሎኖቹ ከተፈቱ በኋላ ጥቂት ጠንካራ ሰዎች ተባብረው ያነሡታል። ከባድ ክሬንና ሰፊ አዳራሽ ለሌለው ባለ እጅ ይህ ትልቅ ነገር ነው፤ መኪናዋ ከመጀመሪያው በግቢ ውስጥ እንድትጠገን የተሠራች ትመስላለች።

ይሁን እንጂ ጨው ባይኖርም ዝገት አለ። የቮልስ ባትሪ የሚቀመጠው ከኋላ ወንበር ሥር በመሆኑ ለዓመታት ጠብ ጠብ ያለው አሲድ ከሥሩ ያለውን ወለል ይበላዋል። የበሩ ጎማ ሲያረጅ የክረምት ውሃ ወደ ውስጥ ይገባና ከምንጣፉ ሥር ተኝቶ ይከርማል። ከሁሉ የከፋው ግን ከበሩ ሥር በግራና በቀኝ ከፊት ወደ ኋላ የሚሄደው፣ ውስጡ ባዶ የሆነው የላሜራ ሣጥን ነው። ይህ ሣጥን ሁለት ሥራ አለው፤ ከሞተሩ የሚመጣውን ሙቅ አየር ወደ ፊት ያሳልፋል፣ የመኪናዋንም አካል ቀጥ አድርጎ ይይዛል። ዝገቱ ከውስጥ ስለሚጀምር ከውጭ የሚታየው ቀለም እያብረቀረቀ ሣጥኑ ወረቀት ሆኖ ይገኛል። ምንጣፉን ገልጦ በካቻቢቴ መያዣ መታ መታ ሲያደርጉት ጤነኛው ላሜራ ጥርት ያለ ድምፅ ይሰጣል፣ የተበላው ግን ድምፁ የታፈነ ነው፤ በጫፉ ጠንከር አድርገው ቢወጉት ካቻቢቴው ሰርስሮ ይገባል። ከዚህ በኋላ ለባለቤቱ እውነቱን መናገር ከባድ ነው፤ ምክንያቱም ከውጭ ሲያያት ውብ ነበረች።

ትክክለኛው ጥገና እንዴት እንደሚሠራ ላልሠራው አንባቢ በዝርዝር ብገልጥ ለምን ጋራዥ ሁሉ እንደማይሠራው ግልጽ ይሆናል። መጀመሪያ ምንም ከመቆረጡ በፊት በሩ ወልቆ የበሩ ክፍተት በአንግል ብረት በሰያፍና በአግድም ተወጥሮ ይያዛል፤ ይህ ካልተደረገ ሣጥኑ ሲቆረጥ አካሉ መሐሉ ላይ ይጎብጥና በሩ ዳግመኛ በቦታው አይገጥምም። ቀጥሎ የተበላው ክፍል ጤነኛው ላሜራ እስኪገኝ ድረስ ተቆርጦ ይወጣል፤ እዚህ ላይ ሰው የሚሰስተው፣ ትንሽ ቆርጦ በትንሽ ልጣፊ ለመገላገል ስለሚፈልግ ነው፤ ነገር ግን ዝገት ጠርዝ ላይ የተበየደ ላሜራ አንድ ክረምት አይሻገርም። ከዚያ የካርቶን ልክ ይወጣል፣ ልኩ በአዲሱ ላሜራ ላይ ይሠመራል፣ ላሜራውም በሞርሳና በመዶሻ ይታጠፋል። የቮልስ አካል አብዛኛው ላሜራ ከ1 ሚሊ ሜትር የሳሳ ነው። 3 ሚሊ ሜትር ላሜራ ቢለጠፍ ይጠነክራል ብሎ የሚያስብ ብዙ ሰው አለ፤ ወፍራሙ ከስሱ ጋር በተገናኘበት መሥመር ላይ ግን ስሱ ይሰነጠቃል፣ ስለዚህ ላሜራው ከነባሩ ጋር የተመጣጠነ መሆን አለበት።

ብየዳው ደግሞ ራሱን የቻለ ጥበብ ነው። ለአጥርና ለበር የሚሆነው 2.5 ሚሊ ሜትር ኤሌክትሮድ እንዲህ ያለውን ስስ ላሜራ በስቶ ያልፋል። ስለዚህ ወይ በሚግ ማሽን (ቀጭን ሽቦ እየመገበ በሚበይደው) ወይ በጋዝ፣ ነጥብ ነጥብ እያሉ፣ አንዱን ነጥብ ከበየዱ በኋላ ወደ ሌላው ዳር ተሻግረው፣ የመጀመሪያው እስኪቀዘቅዝ ጠብቀው ይመለሳሉ። በአንድ ትንፋሽ ከዳር እስከ ዳር የበየደ ሰው ላሜራውን በሙቀት ስለሚያንሻፍፈው ቀኑን ሙሉ ሲያቃና ይውላል። በመዶሻ ብዛት ተለጥጦ እንደ ከበሮ ቆዳ ወዲያና ወዲህ የሚል ላሜራ ሲያጋጥም ደግሞ፣ የሳንቲም ስፋት ያህል ቦታ በጋዝ እሳት እስኪቀላ ድረስ ተግሎ፣ ከኋላ በብረት ተደግፎ ዙሪያው በቀስታ ይመታና በእርጥብ ጨርቅ ይቀዘቅዛል፤ ብረቱም ይሰበሰባል። ይህን ሥራ በመጽሐፍ ማስተማር አይቻልም። ለተማሪዎቼ የጋለውን ብረት ቀለም በሰሌዳ ላይ ስንት ጊዜ ገልጬላቸዋለሁ፤ የገባቸው ግን ራሳቸው በእጃቸው አግለው ሲያቃጥሉትና ሲያቃኑት ነው። ባለ እጅ ዓይኑን ጨፍኖ መዳፉን በላሜራው ላይ ሲያንሸራትት ዓይን የማያየውን ጉብታ ያገኘዋል፤ የእህቴ ልጅ ይህን ለመልመድ ዓመት ፈጅቶበታል፣ ዛሬ ግን ከእኔ ይልቅ የእርሱ መዳፍ ይታመናል።

ጸሐፊው ሥራው ወደ ጋራዥ ይሂድ ሲሉ ያላሰቡት ነገር እዚህ ላይ ነው። ጋራዥ ኪራይ ይከፍላል፣ ለሠራተኛ ደመወዝ ይከፍላል፣ ደጁ ላይ የቆመ መኪና ሁሉ ቦታ ይይዝበታል፤ ስለዚህ አንድን አሮጌ ቮልስ ለሳምንታት ፈታትቶ ማስቀመጥ አያዋጣውም። ባለቤቱም ቢሆን ለዚያ ሁሉ ሰዓት የመክፈል አቅም የለውም፤ የቆየ መኪና የሚነዳው አብዛኛው ሰው ሀብታም አይደለም። የዚህ ውጤት ስቱኮ፣ ማለትም ሲደርቅ የሚጠነክር መሙያ ሊጥ፣ ነው። የተበላው ቀዳዳ በቁራጭ ቆርቆሮ ወይም በተጨማደደ ወንፊት ይደፈናል፣ ላዩ በስቱኮ ይሞላል፣ በብርጭቆ ወረቀት ይታሻል፣ ቀለም ይረጫል፤ መኪናዋም በማግሥቱ ለሽያጭ ትቀርባለች። ስቱኮ በራሱ ክፉ ነገር አይደለም፤ በተቃና ላሜራ ላይ የቀረችውን ስስ ጉድለት ለመሙላት የተሠራ ነው። የብረትን ቦታ ወስዶ የወንበርን መያዣ እንዲሸከም ግን አልተሠራም። ግጭት ቢደርስ ወንበሩ ከነተሳፋሪው ተነቅሎ ሊሄድ ይችላል። በየዓመቱ ቦሎ ለመውሰድ የሚደረገው ምርመራ ፍሬኑንና መብራቱን ሲያይ የወለሉን ምንጣፍ ገልጦ፣ የጎኑን ሣጥን በመዶሻ መታ መታ አድርጎ ቢፈትሽ፣ ስንት መኪና ስቱኮ ተሸክሞ እንደሚሄድ ይታወቅ ነበር። ይህን ፍተሻ የግቢ ባለ እጆች ሊፈሩት አይገባም፤ የሚጠቅመው ሥራውን በእውነት የሚሠራውን ነው።

ጉዳዩን ዛሬ አንገብጋቢ የሚያደርገው ሌላም ነገር አለ። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ያገለገሉ መኪናዎችን ወደ አገር ማስገባት ከበፊቱ እጅግ ውድ አድርጎታል፤ በጥር 2016 ዓ.ም. ደግሞ መንግሥት ከኤሌክትሪክ መኪና በስተቀር ሌላ የቤት መኪና እንዳይገባ መከልከሉን አስታውቋል። የእነዚህን ውሳኔዎች ደግነትና ክፋት መመርመር የዚህ ደብዳቤ ዓላማ አይደለም። የማይቀረው ውጤታቸው ግን በእጃችን ያለው የቤንዚን መኪና ተተኪ ሳያገኝ ለብዙ ዓመታት መንገድ ላይ መቆየቱ ነው። የሚቆይ ከሆነ ደግሞ ሁለት ምርጫ ብቻ አለ፤ በአግባቡ ታድሶ መቆየት፣ ወይም በስቱኮና በጭስ መቆየት። ጭስን ካነሣሁ፣ አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,300 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ያለች ከተማ ስለሆነች አየሯ ስስ ነው፤ በባሕር ጠረፍ ላለ ከተማ ተስተካክሎ የመጣ ካርቡራተር (ቤንዚንን ከአየር የሚቀላቅለው ዕቃ) እዚህ ቤንዚን ያበዛል፣ ካንዴላው በጥላሸት ይለበሳል፣ ጭሱም ጥቁር ይሆናል። በውስጡ ያለችውን የቤንዚን መርጫ በጠባቧ መለወጥና ካንዴላው እሳት የሚሰጥበትን ሰዓት ማስተካከል የግማሽ ቀን ሥራ ነው። እኔ ባየኋቸው መኪናዎች ሁሉ ይህን የሠራላቸው ሰው የግቢ መካኒክ ነው።

የኤሌክትሪክ መኪናውም ቢሆን ላሜራ ለብሶ ነው የሚመጣው፤ ሲጋጭ ይጨረመታል፣ ሲጨረመት ባትላሜራ ይፈልጋል። ዛሬ በቮልስ ላይ የሚሠለጥነው እጅ ነገ በዚያ ላይ ይሠራል።

አሁን ወደ ራሳችን ልመለስ፤ ጸሐፊው ስለ አደጋው ከተናገሩት በላይ እኔ ልናገር እችላለሁና። በግቢዎች ውስጥ ከሚታየው ሁሉ የሚያስፈራኝ በቤት የተሠራ የካርባይድ ጋዝ ማመንጫ ነው። ካርባይድ ከውሃ ጋር ሲገናኝ አሲታይሊን የተባለው የብየዳ ጋዝ ይወጣል፤ ይህ ጋዝ ግፊቱ ከ1 ባር በላይ ሲሆን ያለ አየርም፣ ያለ እሳትም ሊፈነዳ የሚችል ጠባየ ክፉ ጋዝ ነው። ከአሮጌ በርሜል የተበየደ፣ የግፊት መለኪያ የሌለው፣ ነበልባል ወደ ኋላ ሲመለስ የሚያግድ የውሃ መከላከያ ያልተገጠመለት ማመንጫ በመኖሪያ ግቢ ውስጥ ሊኖር አይገባም፤ በዚህ ላይ ከጸሐፊው ጋር አንድ ነኝ፣ ፈጽሞ ይከልከል። ከማመንጫው የሚቀረው ነጭ ጭቃ ኖራ ነው፤ ወደ ጎርፍ ቦይ የሚደፉት ሰዎች ቦዩን ይደፍኑታል፣ ጎረቤትንም ያስቆጣሉ። የኦክስጅኑ ሲሊንደር አፍ ላይ ግራሶ ወይም ዘይት የነካው እጅ ማሳረፍ ለመቃጠል በቂ ነው፤ ይህን የማያውቅ ወጣት ግን ቡሽ ያዘብኝ ብሎ ዘይት ሲቀባ አይቼ በእጄ ነጥቄአለሁ። የቤንዚን ታንክ ደግሞ ባዶ ሲሆን ከሙሉው ይልቅ ያስፈራል፤ የሚፈነዳው ትነቱ ነውና። ታንክ ከመበየዱ በፊት በሙቅ ውሃና በሳሙና ደጋግሞ መታጠብ፣ ከዚያም የሚበየደው ቦታ ብቻ እስኪቀር ድረስ ውሃ ተሞልቶ መበየድ አለበት።

በዝምታ የሚጎዱ ነገሮችም አሉ። የዚንክ ልባስ ያለው ቆርቆሮ ሲበየድ የሚወጣው ነጭ ጭስ ማታ ብርድ ብርድ እያሰኘ ያስተኛል፤ ወተት ጠጥቶ መበየድ ይከላከላል የሚለው በሞያው ውስጥ የኖረ እምነት ምንም መሠረት የለውም፤ የሚከላከለው ልባሱን አስቀድሞ መፋቅና ነፋስ ባለበት ቦታ መሥራት ነው። የቆዩ መኪናዎች የፍሬን ሸራ አስቤስቶስ ስላለበት አቧራውን በኮምፕሬሰር አየር ማራገፍ ሳንባን መግደል ነው፣ በውሃ አርጥቦ መጥረግ ያስፈልጋል። ከማጠንከሪያ ጋር ተቀላቅሎ የሚረጨው የዘመኑ የመኪና ቀለም የማይለቅ አስም ሊያመጣ ይችላል፤ አፍና አፍንጫን በሻሽ ጠምጥሞ መርጨት ደግሞ ራስን ማታለል ነው። ስለዚህም እኔ በግቢዬ ፀረ ዝገት ቀለም በብሩሽ ከመቀባት ያለፈ አልሠራም፤ የመጨረሻውን ቀለም የማስረጨው የቀለም ክፍልና አየር ማስወጫ ባለው ጋራዥ ነው። በመኖሪያ ግቢ ቀለም መርጨት ቢከለከል አልቃወምም። የብየዳው ብልጭታም የበያጁን ዓይን ብቻ አይደለም የሚጎዳው፤ በአጥር ቀዳዳ የሚያይ ሕፃን ሌሊቱን ዓይኑ ውስጥ አሸዋ የተሞላ ያህል ሲያለቅስ ያድራል። ስለሆነም መበየጃው ቦታ በጥቁር ሸራ ወይም በቆርቆሮ መጋረድ ግዴታ መሆን አለበት።

መብራትን በተመለከተ፣ የቆየው ዓይነት ከባዱ የብየዳ ማሽን ከነጠላ ፌዝ መሥመር ላይ ብዙ ኃይል በአንድ ጊዜ ስለሚስብ ከዚያው መሥመር የሚጠቀመው ጎረቤት አምፖል ይደበዝዛል፣ ማቀዝቀዣውም ይጎዳል። ዛሬ በገበያ ላይ ያለው ቀላሉ ኢንቨርተር ማሽን ለዚያው ሥራ የሚስበው በእጅጉ ያነሰ ነው። በግቢ ለሚሠራ ሰው ይህ ማሽንና ለብቻው የተገጠመ ብሬከር ግዴታ ቢሆን፣ ሥራውም በቀን ብርሃን ብቻ ሆኖ እሑድና በዓል ቀን፣ በሰፈር ለቅሶም ባለ ጊዜ ቢቆም፣ ከጎረቤት ጋር የሚያጣላው ነገር አብዛኛው ይቀራል። ሐዘንተኛ በተቀመጠበት ሰፈር ግራይንደር ማስጮኽ ነውር መሆኑን ለማወቅ ደንብ ባላስፈለገ ነበር፤ አንዳንዱ ግን ያደርገዋል።

የሥራው ሰንሰለት ከግቢ ውጭም መዘርጋቱን ከንቲባውም ሆነ ወረዳው ቢያስብበት መልካም ነው። የጎደለችው የበር መክፈቻ፣ የፊት መብራት ቀለበት፣ የቀድሞ ዘመን ቸርኬ የሚገኘው መርካቶ ሶማሌ ተራ ነው፤ አሮጌ በርሜል ተዘርግቶ ላሜራ የሚሆነው፣ ቁርጥራጩም ተመልሶ ምድጃና ማንደጃ የሚሆነው ምናለሽ ተራ ነው። በገበያ የማይገኝ ቦኮላና ፔርኖ (ትንንሽ የማያያዣ ብረቶች) ቶርኖ፣ ማለትም የብረት መቅረጫ ማሽን፣ ያለው ሰው ዘንድ ይቀረጻል። የእኛ ሥራ ሲቆም እነዚህ ሁሉ አንዳንድ ደንበኛ ያጣሉ። በከተማው መልሶ ልማት ምክንያት ከነባር ሰፈሮች የተነሡ ባለ እጆች አዲስ በሄዱበት ደንበኛቸውን መልሶ ማግኘት ምን ያህል እንደከበዳቸው በቅርብ አይቻለሁ፤ ሞያቸውን ትተው ሌላ ሥራ የያዙም አሉ።

ሕጋዊ ለመሆን አልሞከራችሁም ወይ የሚል ጥያቄ ሊነሣ ይችላል። ሞክረናል። በአንድ የመንግሥት ጽሕፈት ቤት ቀርበን ስንጠይቅ የተሰጠን መልስ፣ ወይ ለሙሉ ጋራዥ የሚጠየቀውን የቦታ ስፋት፣ የመሣሪያ ብዛትና የባለሙያ ቁጥር አሟልታችሁ ፈቃድ ውሰዱ፣ ወይ ሥራውን ተዉ የሚል ነበር። መልሱን የሰጡን ሴት ትሑትና ቅን ሠራተኛ ስለነበሩ ልወቅሳቸው አልችልም፤ በፊታቸው ያለው መመሪያ በሁለቱ መካከል ላለ ሰው የሚሆን መሥመር የለውም። በዓመት ሁለት ወይም ሦስት መኪና የሚያድስ ሰው ከሃያ መኪና በላይ ከሚያስተናግድ ድርጅት ጋር በአንድ መስፈርት ሲለካ ውጤቱ ተደብቆ መሥራት ይሆናል፤ ተደብቆ የሚሠራ ሰው ደግሞ የእሳት ማጥፊያ አይገዛም፣ በሩን ዘግቶ በጭስ ውስጥ ይበይዳል፣ አደጋ ሲደርስም ለመናገር ይፈራል።

ስለዚህ የምጠይቀው አንድ የአነስተኛ የግቢ ወርክሾፕ ፈቃድ እንዲኖር ነው። ፈቃዱ በአንድ ጊዜ ከሁለት በላይ መኪና በግቢ ማቆምን፣ ቀለም መርጨትንና ካርባይድ ማመንጨትን ይከልክል፤ ኢንቨርተር ማሽን፣ መጋረጃ፣ የእሳት ማጥፊያና አሸዋ ያስገድድ፤ የአጎራባቾችም ፊርማ ይጠየቅበት፣ በየዓመቱም ይታደስ። ጎረቤት ሦስቴ በማስረጃ አቤት ካለ ይሰረዝ። ከዚህ ጋር የታደሰ መኪና መዝገብ መስተካከል አለበት። የቮልስ የሻንሲ ቁጥር የተመታው ከኋላ ወንበር ሥር በወለሉ መካከል በሚያልፈው ጉብታ ላይ ነው፤ ወለሉ ሲለወጥ ይህ ጉብታ እንዳይነካ አድርጎ ግራና ቀኙን ብቻ መቀየር ይቻላል፣ እኛም እንደዚያ ነው የምናደርገው። ሆኖም ከሥራው በፊትና በኋላ የተነሣ ፎቶግራፍ ከሊብሬው ጋር ተያይዞ የሚመዘገብበት ቀላል አሠራር ቢኖር ሐቀኛው ከተሰረቀ መኪና ነጋዴ ይለያል፤ ገዢውም ከቀለሙ ሥር ምን እንዳለ አውቆ ይገዛል።

ወጣቶቹን በሚመለከት አንድ ነገር ልጨምር። ዳግማዊ ምኒልክ ብረት ቀጥቃጩንና ሸማኔውን በሞያው መስደብን በአዋጅ ከከለከሉ ከመቶ ዓመት በላይ ሆኖታል፤ ቢሆንም ልጄ ዲግሪ ይዞ በዘይት ተጨማልቆ ይዋል ወይ የሚል ወላጅ ዛሬም ወደ ግቢዬ መጥቶ ልጁን ይዞ ሄዷል። ከእኔ ጋር ከሚሠሩት አንደኛዋ በቴክኒክና ሙያ ኮሌጅ የተማረች ልጅ ናት፤ ምረቃዋ ድረስ በስስ ላሜራ ላይ የበየደችው ጥቂት ጊዜ ብቻ ነበር፤ ኤሌክትሮዱም፣ ላሜራውም፣ ሰዓቱም ለተማሪው ብዛት አይበቃምና። ዛሬ የቮልስን ፓራፋንጎ ከነከንፈሩ ከጠፍጣፋ ላሜራ ታወጣለች። ኮሌጆቹ ተማሪዎቻቸውን ለተግባር ልምምድ ወደ ትልልቅ ድርጅቶች ሲልኩ፣ ፈቃድ ያላቸው የግቢ ወርክሾፖችም እንዲቀበሏቸው ቢፈቀድ፣ ልጆቹ መጥረጊያ ይዘው ከመቆም ይልቅ መዶሻ ይዘው ይመለሱ ነበር።

በመጨረሻም፣ ግቢ የሌለው ሰው ቁጥር እየበዛ መሄዱን ዘንግቼ አይደለም። በጋራ መኖሪያ ቤቶች ቅጥር ውስጥ ለድግስና ለእርድ የሚሆን የጋራ መገልገያ ሕንፃ ይሠራል፤ በአዲስ በሚታቀዱት ሰፈሮች ከመኖሪያው ራቅ ብሎ፣ ሦስት ፌዝ መሥመር የገባለት፣ ጣሪያው ከፍ ያለ፣ በሰዓት የሚከራይ አንድ የጋራ መሥሪያ መጠለያ አብሮ ቢታቀድ፣ ጸሐፊው የሚፈልጉት ጸጥታና እኛ የምንፈልገው ሥራ በአንድ ሰፈር ሊኖሩ ይችላሉ። ለዚህ የሚሆን የመጠለያ ንድፍና የመሣሪያ ዝርዝር አዘጋጅቻለሁ፤ የሚመለከተው ክፍል ቢጠይቀኝ ያለ ክፍያ ለመስጠት፣ ከተሠራም የመጀመሪያዎቹን ሠልጣኞች ለማሠልጠን ዝግጁ ነኝ።

ከአክብሮት ጋር፣

በጡረታ የተገለለ የብረታ ብረት ሥራ መምህር
ከአዲስ አበባ